የአብራሪው ፍሪሲዮን

አብራሪው አውሮፕላን ነድቶ አያውቅም። መተዳደሪያው ጥርስ መሥራት ነው። ከአንዲት የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ጀርባ፣ መስኮቷ ወደ ጓሮ በምታይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሐኪሟ የምትልክለትን የድድ ቅርጽ በጀሶ ያወጣል፤ ጀሶው ላይ ሮዝ ሰም ያለብሳል፤ ሰሙ ላይ ጥርስ ይደረድራል። ከዚያ እያገላበጠ ያያል፣ ይፍቃል፣ ያለሰልሳል። በሥራው ቀልድ አያውቅም። እሱ የሠራውን ጥርስ ያደረገ ሰው ለውዝ ይቆረጥማል፣ ያፏጫል፣ ከጎረቤቱ ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ ይሳደባል፤ ጥርሱ ግን ንቅንቅ አይልም።

ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ሰበቡ ደግሞ መኪናው። ከመሬት ጋር ልትሳሳም ምንም ያልቀራት፣ ከኋላዋ የምግብ ጠረጴዛ የሚያህል ክንፍ የተተከለባት ፈጣን መኪና ነበረችው። የቀድሞው ባለቤቷ ሞተሯን ነካክቶ፣ ትልቅ ቱርቦ አስገጥሞ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ያልነበራትን ጉልበት ከጨመረላት በኋላ ልጅ ሲወለድለት ልብ ገዝቶ ሸጣት። አብራሪው ሲገዛት ደግሞ አርባዎቹን አጋምሶ ነበር፤ ፀጉሩ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ሆዱ ወደ ፊት እየገሰገሰ። በዚያ ዕድሜ አንዳንዱ ሰው ንብ ማነብ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ይጸልያል። እሱ ክንፍ ያላት መኪና ገዛ።

ከቤቱ እስከ ክሊኒኩ ያለው መንገድ መኪና የሚሮጥበት ሳይሆን መኪና የሚሰለፍበት ነው። መጀመሪያ ትምህርት ቤት አለ፤ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ጉብታ ተሠርቷል። ከዚያ አደባባዩ፣ ከአደባባዩ ቀጥሎ ገበያው፣ ከገበያው ቀጥሎ ዳገቱ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አብራሪው ከሁለተኛ ማርሽ ያለፈበት ቀን በሕልሙ ካልሆነ በስተቀር የለም። ሆኖም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክንዱን በሩ ላይ ጥሎ፣ ቆሞ በሚጠብቅበት ሁሉ ነዳጅ እየሰጠ ያስጓራታል። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ዞር ብለው ያዩታል። ይህቺ ዞር ብሎ መታየት ናት እንግዲህ የልቡ ምግብ።

ታዲያ አንድ ማለዳ መኪናዋ እዚያው ዳገት ላይ ጉድ ሠራችው። ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ እንደ በሬ አገሣ፤ መኪናዋ ግን እንደ ኤሊ አዘገመች። ጨመረ። ግሣቱ ጨመረ፣ ጉዞው ባሰበት። ሽንኩርት የጫነ ጋሪ የሚገፋ ሰው እያላበው አጠገቡ ደረሰ፣ በሐዘኔታ አየው፣ አልፎት ሄደ። የተቃጠለ ነገር ሽታ መኪናዋን ሞላት። ከአውቶቡስ ፌርማታው አንዱ አፉን በእጁ ከቦ፣

“አብራሪው! ጎማውን እጠፈው፣ ተነስተሃል!” ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አብራሪው መስታወቱን ወደ ላይ ዘጋ።

የተበላሸው ፍሪሲዮኑ ነበር። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ጎማውን የሚያገናኝ ዕቃ ነው፤ ሲረግጡት ያለያያቸዋል፣ ሲለቁት ያስታርቃቸዋል። የዚች መኪና ፍሪሲዮን ግን ሞተሯ ጭምት በነበረበት ዘመን የተገጠመ ነው፤ የኋላ ኋላ የመጣውን ጉልበት መያዝ አቅቶት ይንሸራተታል። መቀየር ነበረበት። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ አንድ ተራ ጥገና ነበር። አብራሪው ግን መቀየር ሳይሆን መምረጥ ፈለገ።

ስልኩ ላይ የፈጣን መኪና ወዳጆች የሚሰባሰቡበት አንድ ቡድን ነበር። ቀን ሙሉ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ፤ ርእሱ ሁልጊዜ መኪና ነው። ከሁሉም በላይ የሚፈራው “ፕሮፌሰር” ነው። ፕሮፌሰር ሲጽፍ ሌላው ዝም ይላል። አብራሪው ችግሩን ዘርዝሮ ሲጽፍ ፕሮፌሰር ትንሽ አስጠበቀውና መለሰ፦ “የመንገድ ፍሪሲዮን የሚገጥም ሰው ትራስ ታቅፎ ይተኛ። ለዚያ ሞተር መንታ ዲስክ፣ ሴራሚክ፣ የውድድር። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።”

አብራሪው ይህን ደጋግሞ አነበበው። ትራስ የሚለው ነገር ከነከነው።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ምሳ ላይ ፍሪሲዮን፣ እራት ላይ ፍሪሲዮን። ሹካውን ከማንኪያው ላይ ጭኖ የፍሪሲዮኑ ዲስክና ዲስኩን የሚጫነው መጫኛ እንዴት እንደሚነካኩ ለሚስቱ ያሳያታል። ሚስቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ታዳምጠዋለች።

“የምትመርጠው ዕቃ ነው ወይስ ሁለተኛ ሚስት?” አለችው አንድ ቀን ቀና ሳትል።

“አንቺ አይገባሽም። ይሄ እኮ የመኪናዋ ልብ ነው።”

“ትናንት ሞተሩ ነው ልቧ ብለህ ነበር።”

“ሞተሩማ… ሞተሩ ሌላ ነው።”

“እሺ። ይሄኛው ልብ ከመጣ በኋላ አደባባዩ ላይ ያለው ሰልፍ ያጥራል?”

አብራሪው ሹካና ማንኪያውን አነሳ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ወደ ጠባቧ ክፍል መጡ። ጥርሳቸው ትልቅ፣ ሰፊ፣ እንደ በረዶ የነጣ እንዲሆንላቸው ፈለጉ፤ ከጋዜጣ የተቆረጠ የአንድ ወጣት ፎቶም ይዘው ነበር። አብራሪው ፎቶውን በአክብሮት አይቶ መለሰላቸው።

“አባባ፣ ጥርስ የሚሠራው ለፎቶ አይደለም፤ ለአፍዎ ነው። ይሄንን ባደርግልዎ ከንፈርዎ አይገጥምም። ለመናገር ይቸገራሉ፣ ለመብላት ይቸገራሉ፣ በመጨረሻ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት።”

ሽማግሌው ካንገራገሩ በኋላ ተስማሙ፤ መርቀውትም ሄዱ። አብራሪው በሩን ዘግቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ስልኩን አነሳና የመንታውን ዲስክ ፎቶ እያሰፋ ማየቱን ቀጠለ። የሁለቱ ነገር ዝምድና በአጠገቡ እንኳ አላለፈም።

ፍሪሲዮኑን ሊያስቀይር የሄደበት መካኒክ ግዙፍ ሰው ነው። ድምፁም እንደ ሰውነቱ፤ ኮፈን ስር ገብቶ ሲያወራ መንገድ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ይሰማዋል። ጋራዡ ጨለም ያለ ነው፤ ወለሉ በዘይት ብዛት ጠቁሮ ያብለጨልጫል፣ ግድግዳው ላይ ቁልፎች በየመጠናቸው ተሰቅለዋል። የአብራሪውን መኪና ዞሮ ዞሮ አያት። ጎማዎቹ ላይ ከአዲስነታቸው ጀምሮ ያልረገፉ የላስቲክ ፀጉሮች እንደቆሙ ናቸው። የፊት ወንበሩ ላይ የወገብ ትራስ፣ የኋላው ላይ የአሮጊት ጃንጥላ አለ። መካኒኩ ሁሉንም አየ።

“ለምን ሥራ ነው የምትነዳት፣ አለቃ?” ብሎ ጠየቀ።

ቀላል ጥያቄ ነበር። “ወደ ሥራ እሄድባታለሁ፤ አማቴን ሐኪም ቤት አደርስባታለሁ” ማለት በቂ ነው። አብራሪው አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

“ውድድርም አለኝ።”

“ኧረ? የት?”

“ከከተማ ወጣ ብሎ። አልፎ አልፎ። ከልጆቹ ጋር።”

መካኒኩ ቅንድቡን ሰቀለ፣ መለሰው። ከዚያ ሁለት ካርቶን አወጣና የሥራ ጠረጴዛው ላይ ፈታቸው።

“ይኸኛው የመንገድ ነው። መጫኛው ጠንከር ያለ፣ ዲስኩ ግን ለስላሳ፤ ቀስ ብሎ ይይዛል። የዚችን ሞተር ጉልበት አይፈራም። ያኛው ደግሞ መንታው ነው። እሱ ያዘ ወይም ለቀቀ ነው፤ መሃል የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ፔዳሉ ይከብዳል፤ ሰልፍ ውስጥ ያሰቃያል። ለተወዳዳሪ ሰው ግን…” ትከሻውን ነቀነቀ።

አብራሪው የመንገዱን ዕቃ በእጁ ይዞ ነበር። እውነቱን ለመናገር እጁ ወደደው። ነገር ግን እሱን መረጠ ማለት ውድድር የለም ማለት ነው፤ ውድድር የለም ማለት ደግሞ እዚሁ፣ በዚህ ዘይታም ወለል ላይ፣ ዋሽቼ ነው ብሎ መቆም ነው። ዕቃውን እንደ ትኩስ ድንች መልሶ አስቀመጠና ወደ መንታው ጠቆመ።

“ይሄ ይሁን።”

“አንተ ካልክ” አለ መካኒኩ።

መኪናዋን ሊረከብ የመጣ ዕለት ገና ከጋራዡ በር ሳይወጣ ሞተሩ ሦስቴ ጠፋበት። ፔዳሉን መርገጥ ቁም ሣጥን በእግር እንደመግፋት ነው። ቀስ ብሎ ልልቀቅ ሲል መኪናዋ እንደ ፍየል ትፈናጠራለች፤ ቶሎ ልልቀቅ ሲል አንገቱን ወደ ኋላ ትወረውረዋለች። አደባባዩ መሃል ጠፍታ ቆማበት የትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ፣ “መንጃ ፈቃድ አለህ?” ብሎ ጠየቀው። አልተናደደበትም፤ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ቡድኑ “እንዴት ነው?” ሲለው “ሌላ ዓለም ነው” ብሎ ጻፈ። ውሸት አልነበረም።

ውሎ ሲያድር የግራ ጭኑ አበጠ፤ ደረጃ ሲወጣ ያነክስ ጀመር። ሚስቱ አየችው።

“እግርህን ምን ሆንክ?”

“ስፖርት ጀምሬ ነው።”

“ስፖርት? በአንድ እግር?”

“አሰልጣኙ በየተራ ነው ያለው።”

ሚስቱ ማሻሻ ቅባት ገዝታ አመጣችለት፤ ማታ ማታ እያቃሰተ ይቀባል። ጠዋት ሰልፉ ሳይጀምር ለመድረስ ገና ሰማዩ ሳይቀላ ይወጣል። መኪናዋን የሚያቆመው ቁልቁለት ፈልጎ ነው፤ እየተንከባለለች ስትነሳ ፍሪሲዮኑ ብዙ አይፈናጠርም። ዳገት ያላቸውን መንገዶች ከሕይወቱ ሰረዛቸው። አንድ የሚወደው ዳቦ ቤት ዳገት ላይ ስለሆነ ብቻ ዳቦ መግዛት ተወ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ፣ ዕቃው አልሆነኝም የሚል ሐሳብ ብልጭ ሲልበት፣ “ገና ስላልተላመድኩት ነው” እያለ ራሱን ያጽናናል።

አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ በጡረታ የተገለሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ከሥራ ከተገለሉ ቆይተዋል፤ ዳይሬክተርነቱ ግን አልለቀቃቸውም፤ ሲናገሩ ጣታቸው ይነሳል። የላይኛው ጥርሳቸው በሙሉ የአማቻቸው ሥራ ነው። አብራሪው በዕድሜው ከሠራው ጥርስ ሁሉ የሚኮራው በእሱ ነበር፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ እንደ እሳቸው ያለ የአፍ ሥራ የበዛበት ጥርስ የለም፤ እሱ ሳይነቃነቅ ችሎታል።

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። አብራሪው ክንዳቸውን ደግፎ፣ ወደዚያች መሬት የነካች ወንበር እንደ ጉድጓድ አወረዳቸው። መንገድ ላይ ስለ አነዳዱ፣ ስለ ክንፉ፣ ስለ ጉብታው ትምህርት ሰጡት። የትራፊክ መብራቱ ላይ ቀይ በርቶ ቆሙ። አማቱ ወደ እሱ ዞረው፣ ጣታቸውን አንስተው፣

“እኔ በዳይሬክተርነት ዘመኔ አንድም አስተማሪ እንዲህ ዓይነት…” ሲሉ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

አብራሪው ለቀቀ። መኪናዋ ዘለለች። አማቱ ወደ ፊት ሄዱ፣ ተመለሱ፤ ጥርሳቸው ግን አልተመለሰም። ከአፋቸው ወጥቶ መስታወቱን ቀጭ አድርጎ መታው፤ ተንሸራትቶም ማርሹ ሥር ወደቀ። ሞተሩ ጠፋ። ከጎናቸው የቆመ የታክሲ ሹፌር ሁሉንም አይቶ ነበርና አንገቱን አወጣ፦

“እማማ፣ ጥርስዎ ቀድሞዎት ሄደ እኮ!”

አማቱ አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው አብራሪውን አዩት።

“ምንድን ነው ይሄ?” አሉ፤ ቃላቱ በድድ መሃል እየሾለኩ።

እዚህ ላይ አብራሪው ሁለት መንገድ ነበረው። መኪናዬ ናት ማለት ይችላል። ወይም ጥርሱ ነው ማለት። በአንድ በኩል እጁ የሠራው ምርጥ ሥራ፣ በሌላ በኩል ዳቦ ያስተወው ዕቃ። ኋላ ያሉት መኪኖች ጡሩምባቸውን አንባረቁበት።

“ጥርሱ ነው፣ እማማ” አለ። “ድድ በጊዜ ብዛት ይሟሽሻል። ትንሽ ላላ መሰለኝ። አስተካክለዋለሁ።”

አማቱ ጥርሱን ተቀብለው በመሐረብ ጠቀለሉት።

በማግስቱ ጥርሱን ከአማቱ ተቀብሎ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ጀሶው ላይ አደረገው፤ ልክክ አለ። ሳበው፤ እንቢ አለ። አንዳች እንከን የለውም። እንደ መጣ ቢመልሰው ደግሞ “ምን አስተካከልክ?” መባል ይመጣል። ማለስለሻ ሞተሩን አስነሳና ከውስጥ በኩል ትንሽ ፋቀው፤ ለወጉ ያህል። ሮዝ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ትንሹ አልታይ ቢለው ሌላ ትንሽ ጨመረ።

እነሆ፣ አሁን ጥርሱ በእርግጥ ላላ። አማቱ እራት ላይ “ጨው” ሲሉ ወረደ፤ ስልክ ላይ “ሃሎ” ሲሉ ወረደ። ሴትዮዋ ነገር የሚያሳድሩ አይደሉም። ቀጥ ብለው ወደ ክሊኒኩ ሄዱ፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች መሃል ወንበር ይዘው ተቀመጡና፣ “እዚህ የሚሠራው ጥርስ ይዘላል፤ ልጄ ናት ያገባችው፣ በባሏ ላይ መዋሸት ምን ይጠቅመኛል?” እያሉ ለግራ ቀኙ አስረዱ። ጥርሳቸውን አውልቀውም አሳዩ። ከጠባቂዎቹ ሁለቱ ሌላ ጉዳይ ትዝ ብሏቸው ወጡ።

ሐኪሟ አብራሪውን አስጠራችው። ጥርሱን በጓንት ይዛ፣ መብራቱ ሥር እያገላበጠች ነበር።

“ይሄን ማነው የነካው?”

“እኔ ነኝ፣ ዶክተር።”

“ለምን?”

“እንዲጠብቅ ብዬ።”

“እንዲጠብቅ… ፍቀኸው?”

አብራሪው ጫማውን አየ። ሐኪሟ ጥርሱን ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

“ምን እንደገጠመህ አላውቅም። ለመናገርም አልፈለግክም። ከዛሬ ጀምሮ ግን የምትሠራው ሁሉ እኔ ሳላየው ከዚህ ቤት አይወጣም። እንደ ለማጅ።”

ለማጅ የሚለው ቃል አጥንቱ ድረስ ገባ። ቆሽቱ አረረ። እንዲህ ሲናደድ ግን በማን እንደተናደደ ልብ በሉ፤ በራሱ አይደለም። በፕሮፌሰር ነው። እሱ ነው የመከረኝ፣ እሱ ነው ጉድ የሠራኝ ብሎ፣ ዓይን ለዓይን እንገናኝ የሚል መልእክት ላከ። ፕሮፌሰርም በደስታ ተቀበለ። ቀጠሮው አንድ ነዳጅ ማደያ ሆነ።

አብራሪው የሚናገረውን እያነበነበ ጠበቀ። አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ያለ ድምፅ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ከውስጧ ሹራብ የለበሰ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ትሑት ሰውዬ ወረደና እጁን ዘረጋ። ፕሮፌሰር እሱ ነበር። አብራሪው በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየ። ፔዳሎቹን አየ። እንደገና አየ።

“ፍሪሲዮንህ የታለ?” አለ ድምፁ ተሰብሮ።

“አውቶማቲክ ናት እኮ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ።”

“እና ያ ሁሉ የምትጽፈው?”

“አነባለሁ” አለ ፕሮፌሰር በኩራት። ከዚያ ዓይኑ እንደ ሕፃን በርቶ ወደ ክንፋሟ መኪና ጠጋ አለ። “ወንድሜ፣ ንገረኝ እስቲ። መንታው ሲይዝ እንዴት ነው የሚሰማው? ሁሌ እንደጓጓሁ ነው።”

አብራሪው ያነበነበው ስድብ ሁሉ ጉሮሮው ላይ ተደርድሮ ነበር። ግን ሰውዬው እንዲያ በአድናቆት ሲያየው፣ ያቺ የታወቀችዋ ነገር፣ ዞር ብሎ መታየት፣ ልቡን ኮረኮረችው።

“እሳት ነው” አለ። “በቃ እሳት ነው።”

እያነከሰ ወደ መኪናው ተመለሰ።

የዓይን ሐኪሙ ሁለተኛ ቀጠሮ ሲደርስ ሚስቱም አብራ ሄደች፤ ፍሪሲዮኑ ከተቀየረ ወዲህ እዚያች መኪና ውስጥ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ኋላ ተጣጥፋ ተቀመጠች። አማቱ ከመግባታቸው በፊት ደጃፉ ላይ ቆመው ጥርሳቸውን አወለቁ፣ በመሐረብ ጠቀለሉ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ዘጉ።

“በል እንግዲህ ንዳ” አሉት በባዶ አፋቸው።

ገበያው መሃል ሰልፉ ውስጥ ገቡ። ትንሽ ወደ ፊት፣ መቆም፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ መቆም። በእያንዳንዱ “ትንሽ ወደ ፊት” የሦስቱም ራስ በአንድ ላይ ይወዛወዛል። ሚስቱ ከኋላ ሆና አየች፤ የባሏ የግራ ጉልበት እንደ ልብስ ስፌት መኪና እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

“ስፖርትህ ይሄ ነው?” አለች።

አብራሪው ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

“ውረድ፤ እኔ ልንዳ።”

“አትችይውም።”

“ውረድ አልኩህ!”

ተቀያየሩ። ሚስቱ ፔዳሉን ረገጠች፤ አልሄደላትም። ሁለት እጇን መሪው ላይ ተክላ፣ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ተደግፋ ገፋችው። ስትለቀው መኪናዋ ተፈናጥራ ሞተሩ ጠፋ። ኋላ ያለው ሰልፍ በአንድ አፍ ጡሩምባ ነፋ።

“ይሄ ምን የሚሉት ዕቃ ነው?” ብላ ጮኸች። “ጤነኛ ሰው ይሄን መርጦ ይገጥማል?”

ያን ጊዜ ነው የአብራሪው ቅስም የተሰበረው። ኋላ ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን እየነካ፣ ሁሉንም ተናገረ፤ ለመካኒኩ የዋሸውን፣ ዳቦ ቤቱን፣ በመጨረሻም ጥርሱን። “ጥርሱ ምንም አልነበረውም፣ እማማ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የዘለለችው መኪናዋ ናት።”

አማቱ ሳይዞሩ መለሱ።

“አውቃለሁ።”

“ያውቃሉ?”

“ያን ቀን ከሐኪም ቤት በታክሲ ነው የተመለስኩት፤ ሹፌሩ በየጉድጓዱ ሲጥለኝ ጥርሴ ንቅንቅ አላለም። አንተ እስክትናገር እየጠበቅኩ ነበር።”

“ታዲያ ክሊኒክ ድረስ ሄደው ስሜን ማጥፋትዎ ለምንድን ነው?”

“እኔ ምን አልኩ? ጥርሱ ልል ነው ያልከው አንተ። እኔ ያንተን ቃል ደገምኩልህ። ሰው ሲሰማው ደስ አይልም እንዴ?”

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። ኋላም አብራሪው ያለቅሳሉ ብሎ እስኪፈራ ድረስ እናትና ልጅ መሪው ላይና ቦርሳው ላይ ተደፍተው ሳቁ። መኪናዋን ሦስት ሽንኩርት ሻጮች ገፍተው ዳር አስያዙላቸው፤ ክንፉ ለመግፋት ይመቻል።

መካኒኩ ሲያየው አልተገረመም። የመንገዱን ፍሪሲዮን ካርቶን ከመደርደሪያ አወረደ።

“ውድድሩስ?” አለ በዚያ ትልቅ ድምፁ።

“ውድድር የለም። ኖሮም አያውቅም።”

“አውቄያለሁ። የጎማህ ፀጉር እንኳ አልረገፈም።”

“እያወቅክ ለምን አልከለከልከኝም?”

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ። “ስማ አለቃ፣ ጋራዥ ነው እንጂ የኑዛዜ ቤት አይደለም። ተወዳዳሪ ነኝ ካልክ ተወዳዳሪ ነህ።” በነገሩ ያፈረም አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም ፀጉር አስተካካዩ ማዶ ሆኖ ሲስቅ ተሰማ።

አዲሱ ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ ይይዛል። ዳገቱ ላይ አይንሸራተትም፣ ሰልፉ ውስጥ አይፈናጠርም። የአብራሪው ጭን እብጠቱ ጎደለለት፤ ዳቦም መግዛት ጀመረ። ለአማቱ ሌላ ጥርስ ከነጀሶው እንደ አዲስ ሠራ፤ ሐኪሟ በመብራቱ ሥር ለረጅም ጊዜ አገላብጣ አየችውና ምንም ሳትል መለሰችለት። አማቱ ካደረጉት በኋላ የመጀመሪያ ሥራው፣ ስለ ውሸት ለአብራሪው የሰጡት ረጅም ትምህርት ነበር። ጥርሱ ችሎታል።

ለቡድኑ ደግሞ “ለቤተሰብ ምቾት ስል መንታውን ለጊዜው አውርጄዋለሁ” ብሎ ጻፈ። ፕሮፌሰር መስዋዕትነቱን አደነቀ።

መንታውን ዲስክ አልሸጠውም። አጽድቶ፣ ወልውሎ፣ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ከጀሶ መንጋጋዎቹ መሃል መደርደሪያው ላይ አቆመው። ጥርስ ሊለኩ የሚመጡ ሰዎች ያዩታል። ባለፈው አንድ ሰውዬ፣ አፉ በሰም ተሞልቶ፣ በጣቱ ጠቁሞ ምንነቱን በዓይኑ ጠየቀው።

“የውድድር ነው” አለ አብራሪው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

ሰውዬው ሰሙን አወጣ። “ትወዳደራለህ እንዴ?”

“ድሮ።”

ሐኪሟ በበሩ ስታልፍ ሰምታ ቆመች። መደርደሪያውን አየች፣ እሱን አየች።

“የድሮ ተወዳዳሪ፣ የታችኛው መንጋጋ እየተጠበቀ ነው” ብላው ወደ ሕመምተኛዋ ተመለሰች። አብራሪውም ሞተሩን አስነስቶ ሥራውን ቀጠለ።